ጅቡን ሲጠብቁ ዝንቧ ነደፈች

በዚህ እትም የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ከጫካ የወጡ ናቸው። ዕጣን የሚለቅም አለ፣ ከሰል የሚያከስል አለ፣ እንጨት ተሸክማ ጎንደር ገበያ የምትሸጥ እናት አለች፣ የስሜን ፓርክ ስካውት (ጠባቂ) አለ፣ የደብር ደን የሚጠብቁ አባት አሉ። የሁሉም ጥያቄ ዞሮ ዞሮ አንድ ነው፤ ከአውሬና ከከብት ምን በሽታ ይይዘናል? ደብዳቤዎቹን ሳነብ ጅብ፣ ዝንጀሮና የሌሊት ወፍ በየገጹ ተጠቅሰዋል። ዝንብ፣ መዥገርና የሰፈር ውሻ ግን እምብዛም አይነሱም። እኔ ደግሞ በጣም የምፈራው እነዚህኑ ነው። በሉ እንግባበት።

«እኔና የአጎቴ ልጅ ቋራ በረሃ ዕጣን ለቀማ እንሠራለን። እሱ ትኩሳት ከያዘው ከወር በላይ ሆኖታል። ሦስት ጊዜ የወባ መድኃኒት ወሰደ፤ ሻል ይለውና ይመለስበታል። ሰውነቱ አልቆ ሆዱ ብቻ ገፍቷል። አብረውን ያሉ ሰዎች ዝንጀሮ የነካው ውኃ ጠጥቶ ነው ይላሉ። እውነት ነው?» (ከቋራ)

ወንድሜ፣ ዝንጀሮውን ተወው። የነገርከኝ ነገር ካላ-አዛር ይመስላል። እርግጠኛ የሚሆነው በምርመራ ነው፤ ስለዚህ ይህን ገጽ አንብበህ ስትጨርስ ሳይሆን አሁኑኑ ልጁን ይዘኸው ተነስ።

ለምን ጠረጠርክ ብትለኝ፣ ከሁለት ሳምንት ያለፈ ትኩሳት፣ የሰውነት መክሳትና የሆድ መግፋት አንድ ላይ ሲመጡ፣ በተለይ መተማ፣ ቋራ ወይም ሁመራ የሠራ ሰው ላይ ሲመጡ፣ መጀመሪያ መታሰብ ያለበት እሱ ነው። ሆዱ የገፋው ጣፊያው ስላበጠ ይሆናል። በጀርባው አስተኝተኸው ከግራ ጎድኑ ሥር ቀስ ብለህ ብትዳስስ ጠጠር ያለ ነገር ታገኝ ይሆናል፤ ግን አትጫነው፣ ያበጠ ጣፊያ እንደ ዋዛ አይነካም። የአፍንጫ መድማትና የደም ማነስም አብሮ ይመጣል። ካልታከመ ከመቶ ሕመምተኛ ከ95 በላዩን ይገድላል። ከታከመ ግን አብዛኛው ሰው ድኖ ወደ ሥራው ይመለሳል።

የምታመጣው የአሸዋ ዝንብ ናት። ከወባ ትንኝ በጣም ታንሳለች፤ ሲሶዋን ብታክል ነው። ድምፅ የላትም፣ ስለዚህ ጆሮህ ሥር ጥዝ ብላ አታስጠነቅቅህም። ከፍ ብላ ርቃ መብረርም አትችልም። ቀን ቀን ዋልካው ሲደርቅ በሚሰነጠቀው ስንጥቅ፣ በኩይሳ ቀዳዳና በግራር ሥር ትደበቃለች፤ ሲመሽ ትወጣለች። አሁን የምትሠሩበትንና የምታድሩበትን ቦታ አስበው። ቀኑን ሙሉ የዕጣኑን ዛፍ ቅርፊት ስትፍቁና ስትለቅሙ ትውላላችሁ፤ ማታ ሙቀቱ ጎጆ ውስጥ አላስቀምጥ ሲል ሜዳ ላይ፣ ብዙ ጊዜም ግራር ሥር ጋደም ትላላችሁ። ለዝንቧ እራት ቀረበላት ማለት ነው። ሊቦ ከምከም ላይ የተደረገ ጥናትም ማታ ውጭ የማደር ልማድንና ግራር ሥር መተኛትን ከዚህ በሽታ ጋር አያይዟቸዋል። በተለይ በበጋው መጨረሻ፣ ሙቀቱ ሲበረታ፣ ዝንቧ ትበዛለች።

ከእንስሳ ነው ወይ ለሚለው፣ እንደየአገሩ ይለያል። የሜዲትራኒያን ባሕር ዙሪያ አገሮች ውስጥ በሽታውን የሚያመጣውን ጥገኛ ተሕዋሲ ተሸክሞ የሚኖረው ውሻ ነው። ሕንድ ውስጥ ከሰው ወደ ሰው ነው የሚዞረው። እኛ ጋ በአብዛኛው ከሰው ወደ ሰው ነው የሚባለው፤ የእንስሳት ድርሻ ገና እየተጠና ነው። ዝንጀሮ በነካው ውኃ ግን አይመጣም፤ በመጠጥም፣ በምግብም፣ አብሮ በመብላትም አይተላለፍም። ስለዚህ ልጁን አታግልሉት።

የወባውን ነገር ሳልናገር አላልፍም፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚሞተው እዚህ ጋ ተንጠልጥሎ ነው። በ1996 እና በ1997 ዓ.ም. ሊቦ ከምከም ውስጥ፣ አዲስ ዘመን አካባቢ፣ ሰው በትኩሳት ሲያልቅ መጀመሪያ የተባለው «መድኃኒት የተላመደ ወባ ነው» ነበር። በኋላ ሲመረመር ካላ-አዛር ሆኖ ተገኘ። ያ አካባቢ ደጋማ ነው፤ ቀድሞ ይህ በሽታ ይታወቅበታል አይባልም ነበር። ወደ ሁመራና መተማ ለሥራ ወርደው የተመለሱ ሰዎች ይዘውት እንደመጡ ይታመናል። ወባና ካላ-አዛር አንድ ሰው ላይ አብረው ሊገኙም ይችላሉ። ስለዚህ የወባ መድኃኒት ሁለት ጊዜ ተውጦ ትኩሳቱ ከተመለሰ ሦስተኛ ጊዜ መዋጥ ሳይሆን ሌላ ምርመራ መጠየቅ ነው። ጤና ጣቢያ ስትገቡ «ትኩሳት አለው» ብላችሁ አትቁሙ። «ቋራ በረሃ ውጭ እያደርን ነው የምንሠራው» በሉ። ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ለሐኪሙ ግማሽ ምርመራ ናት።

ከጣት በሚወሰድ ጠብታ ደም የሚሠራ ፈጣን ምርመራ አለ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ውስጥ ለዚሁ በሽታ የተቋቋመ የምርምርና የሕክምና ማዕከልም አለ። ሕክምናው ተኝቶ የሚወሰድ ነው፤ ሁለት ዓይነት መርፌዎች ተጣምረው ሲሰጡ 17 ቀን ይወስዳል፣ እንደ ሕመምተኛው ሁኔታ ሐኪሙ ሌላም ሊመርጥ ይችላል። የኤችአይቪ ምርመራ ቢጠይቁት አይከፋው። ሁለቱ ሲገናኙ ካላ-አዛሩ ይከብዳል፣ ይመላለሳልም፤ ሕክምናው የሚለያየው ለዚህ ነው።

አንተም ብትሆን በመድኃኒት የተነከረ አጎበር ግዛና ሜዳም ብታድር ከሥሩ ተኛ። ቀዳዳው ጠበብ ያለ ከሆነ ይመረጣል፤ ተራውን አጎበር ዝንቧ ሾልካ ልታልፍበት ትችላለች። ሙቀቱን አውቀዋለሁ፣ ይከብዳል። ግን ቻለው።

«አዘዞ አካባቢ ካለው ጫካ እንጨት ለቅሜ ስመለስ የሰው ውሻ ቁርጭምጭሚቴን ነከሰኝ። ብዙም አልደማ። ባለቤቱ ውሻዬ ጤነኛ ነው አለኝ። ጎረቤቶቼ ጠበል ተጠመቂ ይሉኛል፤ አንዷ ደግሞ ሥር የሚያውቅ ሰው አለ ብላኛለች። አምስት ቀን ሆነኝ።» (ከአዘዞ)

እህቴ፣ ነገ አትበይ፣ ዛሬ ሂጂ። አምስት ቀን ዘገየ እንጂ አልረፈደም።

የእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ ከቁስሉ ተነስቶ በነርቭ በኩል ወደ አንጎል ይጓዛል። ምልክቱ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ወር ውስጥ ይወጣል፤ በሳምንት የወጣበትም ከዓመት በኋላ የወጣበትም ሰው አለ። ክትባቱ የሚሠራው ቫይረሱን መንገድ ላይ ቀድሞ ነው። ውኃ መፍራቱ፣ መቃዠቱ፣ ምራቅ መዋጥ ማቃቱ አንዴ ከጀመረ በኋላ ግን ሐኪምም የሚይዘው ነገር የለም፤ ሞት ነው ማለት ይቻላል። ለዚህ ነው «እስኪ ልየው» የማይባልበት በሽታ የሆነው።

«ብዙም አልደማ» ላልሽው፣ ቫይረሱ ያለው ምራቁ ላይ ነው። የተጫረ ቆዳ ላይ መላስም ይበቃዋል። ባለቤቱ «ጤነኛ ነው» ማለቱንም እሱ በቅንነት ሊለው ይችላል፤ ግን ውሻ ማበዱ ከመታወቁ ከቀናት በፊት ጀምሮ ምራቁ ያስተላልፋል። ስለዚህ እንዲህ አድርጊ። ውሻው አይገደል፣ ታስሮ ከነከሰሽ ቀን ጀምሮ 10 ቀን ይጠበቅ። አንቺ ግን 10 ቀኑን ሳትጠብቂ ክትባቱን ጀምሪ። ውሻው በአሥረኛው ቀን ደህና ሆኖ ከተገኘ ሐኪሙ ክትባቱን ሊያቋርጥልሽ ይችላል። ውሻው ከጠፋ፣ ከሞተ ወይም ጠባዩ ከተለወጠ እስከ መጨረሻው ትወስጃለሽ፤ ቀኖቹን ሐኪሙ ጽፎ ይሰጥሻል፣ አንዱንም አትዝለይ።

ቁስሉን ታጥበሽው ነበር? አልነገርሽኝም። ይህን ለሌሎቻችሁም ልበል፤ የነከሳችሁን ቦታ ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ እጠቡት። ዝም ብላችሁ 15 ደቂቃ ስትሉት ትንሽ ይመስላል፤ በሰዓት ያዙት፣ ረጅም ነው። በርበሬ፣ ቡና፣ አመድ አታድርጉበት። ጫካ ስትወጡ ቁራሽ ሳሙና ነጠላችሁ ጫፍ ላይ ቋጠር አድርጉ፤ ምንጭ አይጠፋም።

ጠበሉን አልከለክልሽም። ክትባትሽን ጀምረሽ ተጠመቂ፤ የሚጣሉ ነገሮች አይደሉም። ሥር የሚያውቀውን ሰውዬ ግን እለፊው። «ለእገሌ ሰጥቶት ዳነ» የሚባለው እገሌ፣ የነከሰው ውሻ መጀመሪያውኑ ያላበደ ሊሆን ይችላል። ያ ሁሉ ዝና የሚመጣው ከዚያ ነው። ክትባቱ ደግሞ ትናንት የተፈጠረ ነገር አይደለም። ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር በውሻ ለተነከሰ የ9 ዓመት ልጅ የሰጠው እ.ኤ.አ. በ1885 ነው፣ ልጁም ተርፏል። ይህም ሆኖ ዛሬም በዓለም ላይ በየዓመቱ 59 ሺህ ያህል ሰው በዚህ በሽታ እንደሚሞት ይገመታል። ከሞላ ጎደል ሁሉም በውሻ ነው።

ጅብ ወይም ቀበሮ የነከሰው ሰው ካለ ደግሞ፣ አውሬ ታስሮ አይጠበቅም። ማመንታት የለም፣ ክትባቱ ሙሉውን ይወሰዳል።

«አንዳንድ ጭላዳዎች ጎናቸው ላይ ትልልቅ እብጠት ያወጣሉ። ቱሪስቶቹ ካንሰር ነው ወይ እያሉ ይጠይቁናል። ወደ እኛስ ይተላለፋል?» (ከደባርቅ፣ ስካውት)

ካንሰር አይደለም በላቸው፤ በአብዛኛው የኮሶ ትል ዘመድ የሆነ ትል ያመጣው ከረጢት ነው። ትልቁ ትል የሚኖረው በውሻና በቀበሮ አንጀት ውስጥ ነው። እንቁላሉ ከዓይነ ምድራቸው ጋር ሣር ላይ ይወድቃል። ጭላዳ ደግሞ እንደምታውቀው ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብሎ ሣር ሲነቅል ነው የሚውለው። እንቁላሉን ከሣሩ ጋር ይውጠዋል፣ ትሉ ከቆዳው ሥር ውኃ የቋጠረ ከረጢት ይሠራል።

ከጭላዳው አጠገብ ስለቆምክ አይዝህም። ሰው ቢያዝ እንኳ እንቁላሉን በእጁ ወይም በምግብ ሲውጥ ነው፣ እሱም እጅግ አልፎ አልፎ የሚያጋጥም ነገር ነው። የሞተ ጭላዳ ካገኘህ በባዶ እጅህ አትንካው፣ ለፓርኩ የእንስሳት ሐኪም አሳውቅ።

እኔን የሚያሳስበኝ ውሻው ነው። እረኛው ይዞት የሚወጣው፣ ካምፕ አካባቢ ፍርፋሪ የሚለቅመው። ትሉንም የሚያሰራጨው፣ የእብድ ውሻ በሽታንም ለቀይ ቀበሮ የሚያቀብለው እሱ ነው። ባሌ ላይ ይኸው በሽታ ከገበሬው ውሾች እየተነሳ ቀይ ቀበሮዎቹን በተደጋጋሚ ፈጅቷቸዋል። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች 500 እንኳ አይሞሉም፤ ጥቂቶቹ ያሉት እናንተ ጋ ስሜን ላይ ነው። ጭላዳው ላይ ያለውን እብጠት ለቱሪስት ስታስረዳ ለገበሬውም ውሻህን አስከትብ፣ የትል መድኃኒት ስጠው በለው።

«የደብራችንን ደን የምንጠብቅ ነን። ከገደሉ ሥር ሽኮኮ ሞልቷል፤ የቆሎ ተማሪዎቹም ጎጆ የቀለሱት እዚያው ጥግ ነው። አንዱ ልጅ ጉንጩ ላይ ብጉር የመሰለ ወጥቶበት እየሰፋ ሄዷል። አያመውም፣ ግን ስድስት ወር ሆኖት አይድንም። የሌሊት ወፍ ሸንታበት ነው የሚሉ አሉ። ሽኮኮዎቹን እናስወግድ ወይ የሚሉም አሉ።» (የደብር አገልጋይ)

አባቴ ይፍቱኝ። የሌሊት ወፏ የለችበትም። የነገሩኝ ቁንጭር ይመስላል።

እርሶ ሳያውቁት መልሱን ደብዳቤው ውስጥ ጽፈውታል፤ ገደል፣ ሽኮኮና የተማሪ ጎጆ። የቁንጭር ተሕዋሲ በእኛ ደጋማ አካባቢዎች ማደሪያው ሽኮኮ ነው። ከሽኮኮ ወደ ሰው የምታሻግረው ደግሞ የአሸዋ ዝንብ ናት፤ የካላ-አዛሯ የቅርብ ዘመድ፣ ግን ዋልካ ሳይሆን የድንጋይ ስንጥቅና ዋሻ የምትወድ። ማታ ከስንጥቁ ትወጣለች፣ ሽኮኮውን ነክሳ ወደ ልጁ ፊት ትመጣለች። ፊት የሚያጠቃው ሲተኛ ያልተሸፈነው እሱ ስለሆነ ነው። ሽኮኮውን በመንካት አይያዝም፣ ከልጅ ወደ ልጅም በመነካካት አይተላለፍም። እባክዎ ይህን ለተማሪዎቹ ይንገሩልኝ፤ ፊቱ የቆሰለ ልጅ ጓደኞቹ ሲሸሹት ከቁስሉ የከፋ ነው።

ብዙው ቁንጭር በራሱ ጊዜ ይድናል፣ ግን ዓመትና ከዚያ በላይ ሊወስድ ይችላል፣ ጠባሳም ይተዋል። አፍንጫና ከንፈር ላይ ከደረሰ ወይም ፊት ላይ ከተስፋፋ ግን ቁጭ ብሎ መጠበቅ ጥፋት ነው። ልጁ የቆዳ ሐኪም ይየው። በእሳት የጋለ ብረት ወይም የሚያቃጥል ቅጠል አያድርጉበት፤ ጠባሳውን የሚያከፋው በአብዛኛው እሱ ነው።

ሽኮኮ ማስወገዱ አይቻልም፣ ቢቻልም አልመክርም። ደኑን ጠብቃችሁ ያቆያችሁት እናንተ ናችሁ፤ አውሬውም የደኑ ነው። ጎጆዎቹን ነው ከገደሉ ጥግ ራቅ ማድረግ። ዝንቧ ርቃ አትበርም ብያለሁና ትንሽ መራቅም ይጠቅማል። ለተማሪዎቹ አጎበር የሚሰጥ በጎ አድራጊ ቢገኝ ደግሞ ጥሩ ምጽዋት ነው።

«ጭልጋ ጫካ ውስጥ ከሰል እናከስላለን። አንድ በሬ ሜዳ ላይ ወድቆ ተገኘ፤ ባለቤቱ ነፍሱ ሳይወጣ በቢላ ደርሼበታለሁ አለ። ቅርጫ ገብተን በላን። ቆዳውን የገፈፍኩት እኔ ነኝ። በአራተኛው ቀን ክንዴን አሳከከኝ፣ አሁን መሐሉ ጥቁር ሆኗል። አያመኝም፣ ዙሪያው ግን አብጧል።» (ከጭልጋ)

አባ ሰንጋ ነው የምጠረጥረው። የማያም ጥቁር ቁስል፣ ዙሪያው ያበጠ፣ ቆዳ ከገፈፉ በኋላ ባሉ ጥቂት ቀናት የወጣ። ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ሂድና የነገርከኝን ሳትቀንስ ንገረው። የከሰሉን ነገር ፈርተህ ነገሩን አትሸፋፍን፤ ሐኪም የደን ጥበቃ አይደለም። በጊዜ ከተጀመረ በተራ ፀረ-ተሕዋስያን መድኃኒት የሚድን በሽታ ነው። ከተዘገየ ወደ ደም ይገባል። ቁስሉን አታፍርጠው፣ ሸፍነው። ቅርጫ የገቡትን ሁሉ ፈልግ። ሥጋውን የበላ ሰው ትኩሳት፣ ማስመለስ፣ የሆድ ቁርጠት ወይም ደም ያለበት ተቅማጥ ከጀመረው ነገሩ ከአንተ ክንድ ይብሳል።

«ነፍሱ ሳይወጣ ደረስንበት» የምትለዋን ነገር ሁላችንም እናውቃታለን። በክት አይበላም፣ ሕጉ ግልጽ ነው። ነገር ግን ሙሉ በሬ መሬት ላይ ተጋድሞ ሲታይ፣ የሥጋ ዋጋ ደግሞ እንዲህ በሆነበት ጊዜ፣ ቢላዋ ሁልጊዜ «ደርሶ» ይገኛል። ባለ በሬውንም አልፈርድበትም፣ ያለው ሀብት እሱ ነው። ግን አባ ሰንጋ ለቢላው መቅደምና መዘግየት ደንታ የለውም። በሽታው በሬው ደም ውስጥ አለ፣ ታርዶም ሞቶም ያው ነው።

ደህና የነበረ ከብት በድንገት ከወደቀና ከአፍንጫው፣ ከአፉ ወይም ከኋላው የማይረጋ ጥቁር ደም ካፈሰሰ አትክፈቱት። አለመክፈቱ ዋናው ቁም ነገር ነው። ባክቴሪያው ሬሳው ሳይከፈት ውስጥ ከቀረ አብዛኛው እዚያው ይሞታል። ሆዱ ተቀዶ አየር ሲያገኝ ግን ጠንካራ ሽፋን ለብሶ አፈር ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ይቀመጣል። የልጅ ልጃችሁ በሬ እዚያው ሣር ሲግጥ ሊያገኘው ይችላል። መቀቀሉና መጥበሱም ዋስትና አይሆንም። ለወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ንገሩ። ሬሳው ሳይገፈፍ ይቃጠላል ወይም ሁለት ሜትር ያህል ጠልቆ ይቀበራል። ለከብቶቹ በየዓመቱ የሚሰጥ ክትባት አለ፤ ከአንድ በሬ ዋጋ ጋር አይወዳደርም።

«መዥገር ሲጣበቅብኝ ነጭ ጋዝ አፈስበታለሁ ወይም በክብሪት እተኩሰዋለሁ። ልክ ነኝ?» (ንብ አናቢ፣ ከእንፍራንዝ)

አይደለህም። ሲቃጠል ወይም ሲታፈን የሆዱን ቁስል ውስጥ ሊተፋው ይችላል። በወረንጦ ቆዳህን ጠጋ ብለህ ያዘውና ሳትጠመዝዝ ቀጥ አድርገህ ሳበው። ከዚያ በሳሙና ታጠብ። ጣትህ ላይ አድርገህ አታፍርጠው። በሁለት ሳምንት ውስጥ ትኩሳትና ራስ ምታት ከመጣ፣ የነከሰህ ቦታ ላይም ጥቁር ቅርፊት ካየህ ሐኪም ጋ ሂድና «መዥገር ነክሶኝ ነበር» በል። የመዥገር ትኩሳት ዶክሲሳይክሊን በሚባለው ርካሽ መድኃኒት ይድናል፤ የሚያስቸግረው ሰው መዥገር እንደነከሰው ለሐኪሙ ሳይናገር ሲቀር ነው። ሱሪህን ካልሲህ ውስጥ ክተት፣ ማታ ልብስህን ስታወልቅ ብብትህንና ብሽሽትህን ፈትሽ።

«በደን ሳይንስ ተመርቄ ወደ ደቡብ ልሄድ ነው። እናቴ ኢቦላ አለ፣ የሌሊት ወፍ አለ፣ ዝንጀሮ አለ እያለች አስጨንቃኛለች። ምን ልንገራት?» (ከጎንደር ከተማ)

እናትህ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም። በኅዳር 2018 ዓ.ም. ጂንካ ላይ የማርበርግ በሽታ በምርመራ ተረጋግጧል። ማርበርግ የኢቦላ ዘመድ ነው። ስሙን ያገኘው ከጀርመን ከተማ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1967 ከኡጋንዳ የመጡ ጦጣዎች ላይ የሚሠሩ የላቦራቶሪ ሰዎች እዚያ ታመው ነው መጀመሪያ የታወቀው። ቫይረሱን ተሸክሞ የሚኖረው ግን ዋሻ ውስጥ የሚያድር ፍራፍሬ በል የሌሊት ወፍ ነው። ስለዚህ ለዳሰሳም ቢሆን የሌሊት ወፍ የሞላበት ዋሻ አትግባ፣ የሌሊት ወፍ የገመጠውን ፍሬ አትብላ፣ ሞቶ የተገኘ አውሬ አትንካ። የዱር ሥጋ አትብላ የምልህ አይመስለኝም፤ እኛ ቤት ያደገ ልጅ መጀመሪያውኑ አይነካውም።

ለእናትህ በተግባር የምታሳያቸው ነገር ግን የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ይሁን። እዚህ ጎንደር ማንም አያነሳውም። ደቡብ ላይ ግን እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1962 ኦሞ አካባቢ በተነሳ ወረርሽኝ 30 ሺህ ያህል ሰው እንደሞተ ይገመታል፤ ከዚያም ወዲህ ተመላልሷል። ጫካ ውስጥ ቫይረሱ በጦጣና በትንኝ መካከል ይዞራል። ዛፍ ሊቆርጥ ወይም ሊቆጥር የገባ ሰው መሐል ይገባል፣ ከዚያ መንደር ይዞት ይመለሳል። ክትባቱ አንድ ጊዜ ይወሰዳል፣ ዕድሜ ልክ ይበቃል። ከመጓዝህ ቢያንስ 10 ቀን ቀደም ብለህ ተከተብ።

ወባን በተመለከተ፣ የእኛ ወባ ከእንስሳ አይመጣም። ማሌዥያ ውስጥ ግን ከጦጣ ወደ ሰው የሚሻገር ወባ አለ፤ ቦርኒዮ ደሴት ላይ ብዙ ሕመምተኞች እንዳሉት እ.ኤ.አ. በ2004 ሲታወቅ ከሚጠቁት መካከል ደን ውስጥ የሚሠሩ ሰዎች ይገኙበት ነበር። የትምህርት ዕድል አግኝተህ እዚያ ብትሄድ ታስበዋለህ። ለአሁኑ አጎበርህን ያዝ።

«መተማ እርሻ አለኝ። ለምንጠራም ለአረምም ሰው አስገባለሁ። በጤና በኩል ምን ላሟላ?» (ከመተማ)

ጋሼ፣ ጥያቄውን ስለጠየቁ ብቻ አመሰግናለሁ፤ ብዙው ባለ እርሻ አይጠይቅም። በመድኃኒት የተነከረ አጎበር በነፍስ ወከፍ ይስጡ፤ ለአምስት ሰው አንድ አጎበር ማለት ለማንም አለመስጠት ነው። ማደሪያውን ከኩይሳና ከግራር አርቀው ይሥሩት፣ ወለሉ ስንጥቅ የሌለው ይሁን። ቡትስና እጀ ረጅም ልብስ ያስፈልጋል። ሳሙናና ውኃ ካምፑ ውስጥ አይጥፋ። የካምፑን ውሾች ያስከትቡ።

አንድ ነገር ግን በግልጽ ልንገርዎ። ሳሉጉም (በረሃውን የለመደው ነባር ሠራተኛ) ሆነ ከደጋ የመጣው አዲስ ሠራተኛ ትኩሳት ሲይዘው ሒሳቡን ሰጥቶ አይሱዙ ላይ አሳፍሮ መሸኘት የተለመደ ነው። ልጁ ደምቢያ ወይም በለሳ ቤቱ ገብቶ ይተኛል። የአገሩ ጤና ጣቢያ የት እንደሠራ ካላወቀ ወባ ብሎ ያክመዋል። እርስዎ ጋ ሲታመም ቅርብ ያለ ጤና ጣቢያ ያስመርምሩት። መሄድ ካለበትም የት አካባቢ፣ ከመቼ እስከ መቼ እንደሠራ ግማሽ ወረቀት ላይ ጽፈው ኪሱ ውስጥ ያስገቡለት።